ስካር፣ ዱካክ ወይስ የስኳር መውረድ? በአጨዳ ወቅት የሚዘነጋው አደጋ

ባሕር ዳር፦ ኅዳር ገበሬው ማጭድ የሚያነሳበት ወር ነው። ጤፉ ይታጨዳል፤ ነዶው ይሰበሰባል፤ ወንፈሉ እና ደቦው ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። በዚሁ ወር በ5ኛው ቀን የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ታስቦ ይውላል። ከ10 ቀናት በኋላ ደግሞ፣ ኅዳር 15፣ ጾመ ነቢያት ይገባል። እነዚህ ሦስት ጉዳዮች ለብዙው ሰው የየራሳቸው ቀን ያላቸው የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ኢንሱሊን በሚወጋ አርሶ አደር ሰውነት ውስጥ ግን ይገናኛሉ። ከባድ ሥራ፣ የዘገየ ምግብ እና ጠዋት የተወሰደ መድኃኒት በአንድ ቀን ሲገጣጠሙ የደም ስኳር መጠን በድንገት ሊወርድ ይችላል።

በደቦ መካከል ያለ አንድ አጫጅ ይታሰብ። እኩለ ቀን አልፏል፤ ምሳ ገና አልቀረበም። ሰውየው ማጭዱን እንደያዘ ቆሟል። የተጠየቀውን አይመልስም፤ ቢመልስም ምላሱ ይተሳሰርበታል። እግሩ ይወላገዳል። “አረፍ በል” ያለውን ባልንጀራውን ያለ ልማዱ ይቆጣል። ጠላው ቀደም ብሎ ዞሯልና አጫጆቹ ተሳስቀው ከዛፍ ጥላ ሥር ያስተኙታል፤ ተኝቶ ሲነሳ ስካሩ ይለቀዋል ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ይህ ሰው የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ፣ ያ እንቅልፍ የማይነቃበት ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ጥቂት ማንኪያ ስኳር ነበር። ስኳሩ ከማሳው ብዙም ሳይርቅ፣ ለቡና ተብሎ በቀረበው ዕቃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የጎደለው ምልክቱን የሚያውቅ ሰው ነው።

በሕዝብ ዘንድ ስለ ስኳር ሕመም የሚነገረው አብዛኛው ነገር ስለ ስኳር መብዛት ነው። ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ነርቭን እና እግርን እንደሚጎዳ በተደጋጋሚ ይገለጻል። ትምህርቱ ተገቢ ነው። ሆኖም የስኳር መብዛት ጉዳቱን በአብዛኛው የሚያደርሰው በዓመታት ሂደት ሲሆን፣ ከመጠን በላይ መውረዱ ግን በሰዓታት፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ ሰውን ራሱን ሊያስት ይችላል። ይህ ሁለተኛው አደጋ በገጠሩ ክፍል እምብዛም ስም የለውም። ስም የሌለው ሕመም ደግሞ የሌላውን ስም ይዋሳል፤ ስካር፣ ዱካክ፣ ቡዳ፣ የሚጥል በሽታ ወይም ወባ ይባላል።

አንጎል ሲራብ

የደም ስኳር መጠን በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ወርዷል ይባላል። ከ54 በታች ሲደርስ አፋጣኝ እርምጃ የሚያስፈልገው አደገኛ ደረጃ ነው። ሦስተኛው እና የከፋው ደረጃ በቁጥር አይለካም፤ ሕመምተኛው ራሱን መርዳት አቅቶት የሌላ ሰው እርዳታ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ያ ከባድ የስኳር መውረድ ነው።

ሰውነት ለዚህ ጉድለት በሁለት መንገድ ምላሽ ይሰጣል። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። አድሬናሊን የተባለው ቅመም ወደ ደም ይረጫል፤ በዚህም ላብ ይመጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ረሃብ ይሰማል። እነዚህ በብዛት የሚታወቁት ምልክቶች ናቸው። ሁለተኛው የአንጎል መራብ ነው። አንጎል ዋና ነዳጁ ስኳር ሲሆን ይህን ነዳጅ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥበት በቂ ጎተራ የለውም። ስለዚህ ከደም የሚደርሰው ሲቀንስ ሥራው ወዲያውኑ ይዛባል። የማሰብ፣ የመናገር፣ የማየት፣ የመራመድ እና ስሜትን የመግዛት ችሎታ ይናጋል። ያልተለመዱ የሚባሉት ምልክቶች በአብዛኛው የሚመነጩት ከዚህ ነው።

የግብርና ባለሙያዎች ይህን ዓይነት ችግር ከማሳ ያውቁታል። የሰብል ቅጠል ቢጫ መሆን ከናይትሮጅን እጥረትም ውኃ ከመተኛትም ሊመጣ ይችላል። መሬቱን ሳያይ ቅጠሉን ብቻ ተመልክቶ ማዳበሪያ የሚያዝ ባለሙያ ይሳሳታል። የስኳር መውረድም እንዲሁ የሌሎችን ሕመሞች መልክ ይይዛል፤ የሚለየው በደም ምርመራ እና የሰውየውን ታሪክ በማወቅ ነው።

ያልተለመዱት ምልክቶች

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው የጠባይ ለውጥ ነው። ዝምተኛው ሰው ይለፈልፋል፤ ትዕግሥተኛው ይቆጣል፤ ያለ ምክንያት የሚያለቅስ ወይም የሚስቅም አለ። ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው ግን በእምቢተኝነቱ ነው። አንጎሉ የተራበ ሰው “ምንም አልሆንኩም” ብሎ የሚሰጠውን ስኳር ሊገፋ ይችላል። ይህ ክፋት ወይም ንቀት ሳይሆን የሕመሙ አካል ነው።

ሌላው በአንድ ጎን የሚታይ ድክመት ነው። አንድ እጅ እና አንድ እግር ይዝላሉ፤ አፍ ይጣመማል፤ ንግግር ይጠፋል። ይህ መልክ የአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መርጋት የሚያስከትለውን ስትሮክ በትክክል ይመስላል። ስትሮክ የተጠረጠረበት ሰው ወደ ሕክምና ሲደርስ የደም ስኳሩ በቅድሚያ እንዲለካ የሚደረገውም ለዚህ ነው። መንስኤው የስኳር መውረድ ብቻ ከሆነ፣ ሽባ የመሰለው እጅ ስኳር ሲሰጥ ሊመለስ ይችላል።

የሌሊቱ መልክ ደግሞ የተሰወረ ነው። ሕመምተኛው ይቃዣል፤ በእንቅልፉ ይጮኻል፤ ልብሱ እና አንሶላው በላብ ይርሳል። ጠዋት ራሱን ያመዋል፤ ሌሊቱን ሲሠራ እንዳደረ ሰው ይደክመዋል። በቤተሰቡ ዘንድ ዱካክ እንደያዘው ሊታሰብ ይችላል። ማታ ኢንሱሊን የወሰደ ወይም ቀኑን በከባድ ሥራ የዋለ ሰው እንዲህ ሲሆን ግን፣ ሌሊት ላይ የደም ስኳሩን መለካት ከግምት ያወጣል። ከባድ የጉልበት ሥራ ስኳርን የሚያወርደው በሥራው ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ተጽዕኖው እስከ 24 ሰዓት ሊዘልቅ ስለሚችል በቀን የታጨደው ማሳ ሌሊት ላይ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

ከዚህ ሌላ የከንፈር እና የምላስ መደንዘዝ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ የዓይን ብዥታ እና እንደሚጥል በሽታ መንፈራገጥ ይታያሉ። በሕፃናት ላይ መነጫነጭ፣ በክፍል ውስጥ ማንቀላፋት ወይም የእጅ ጽሕፈት ድንገት መበላሸት ሊሆን ይችላል። መምህሩ ስንፍና ብሎ የሚቀጣው ልጅ፣ ጠዋት ኢንሱሊን ወግቶ ያለ በቂ ቁርስ ረጅም መንገድ ተጉዞ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከፋው ምልክት አለመኖሩ ነው። ስኳሩ ደጋግሞ የሚወርድበት ሰው ሰውነቱ ይለምደዋል፤ ላቡም መንቀጥቀጡም ይጠፋል። ማስጠንቀቂያ ሳይደርሰው በቀጥታ ወደ መደናገር ወይም ራስን ወደ መሳት ይሄዳል። ለደም ግፊት እና ለልብ የሚታዘዙ እንደ ፕሮፕራኖሎል እና አቴኖሎል ያሉ መድኃኒቶችም መንቀጥቀጡን እና የልብ ምቱን ይሸፍናሉ። ላቡን ግን አይሸፍኑም፤ እነዚህን መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው ያለ ምክንያት የሚመጣ ላብ ዋና ምልክት ይሆናል። የጠፋው ማስጠንቀቂያ ግን ሊመለስ ይችላል። በሐኪም ክትትል ለጥቂት ሳምንታት ስኳሩ እንዳይወርድ ከተደረገ፣ ሰውነት ጉድለቱን እንደገና መለየት ይጀምራል።

ገጠሩ ለምን የበለጠ ይጋለጣል?

የመጀመሪያው ምክንያት የምግብ አለመደላደል ነው። ኢንሱሊን በሰዓቱ ሥራውን ይሠራል፤ ምግቡ ግን በሰዓቱ ላይደርስ ይችላል። ክረምት መውጫ ላይ ጎተራ ሲጎድል፣ በአጨዳ ጊዜ ምሳ ሲዘገይ፣ በገበያ ቀን መንገድ ሲረዝም፣ መድኃኒቱ እና ምግቡ ይተላለፋሉ።

በዚህ ረገድ ጎንደር ለሕክምናው ዓለም የሰጠችው ትምህርት አለ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሐኪሞች ከገጠር የሚመጡ፣ በድህነት ያደጉ፣ ሰውነታቸው የከሳ እና ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ወጣት ሕመምተኞችን ለረጅም ዓመታት ሲከታተሉ ቆይተዋል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ይህን የስኳር ሕመም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 በምደባው አካትቶት ነበር፤ በ1999 ግን ከምደባው ወጣ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 “ዓይነት 5” በሚል መጠሪያ ዕውቅና ሰጥቶታል። የስያሜው ጉዳይ የምሁራን ክርክር ብቻ አይደለም። ሰውነቱ ለኢንሱሊን በቀላሉ የሚታዘዝ እና ምግቡ ያልተረጋገጠ ሰው ለከተማ ሕመምተኛ በተለመደው መጠን ኢንሱሊን ቢታዘዝለት ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

ሁለተኛው የኢንሱሊን አቀማመጥ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። መብራት በሌለበት ቀበሌ ማቀዝቀዣ የለም። በቆላማ አካባቢ ሙቀት ያገኘው ኢንሱሊን ኃይሉ ይደክማል፤ የሰውየው ስኳር ይጨምራል፤ ወደ ጤና ተቋም ሲሄድ መጠኑ ከፍ ይደረግለታል። ቀጥሎ ኃይሉ ያልተነካ አዲስ ብልቃጥ ሲደርሰው፣ ያው ከፍ የተደረገው መጠን ስኳሩን ያወርድበታል። ስህተቱ በሕመምተኛውም በሐኪሙም ላይ አይታይም፤ ያለው በመካከል በነበረው ሙቀት ላይ ነው። በትንንሽ እንስራ ወይም እርጥብ አሸዋ በመሃላቸው በተደረገ ሁለት ሸክላ ውስጥ ማስቀመጥ ሙቀቱን ለመቀነስ የሚረዳ፣ በገጠሩ እጅ ያለ ዘዴ ነው።

ሦስተኛው የመርፌ ልኬት ነው። ለ100 ዩኒት እና ለ40 ዩኒት የተሠሩ የኢንሱሊን መርፌዎች አሉ። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘ ኢንሱሊን ለ40 በተሠራ መርፌ እስከ 20ኛው መስመር ቢቀዳ፣ ሕመምተኛው የሚወስደው 20 ሳይሆን 50 ዩኒት ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ መውጋትም ሌላ ችግር ያመጣል። ቦታው ያብጥና ይደድራል፤ መድኃኒቱ በደንብ አይሰራጭም፤ አንድ ቀን ወደ ጤነኛ ቆዳ ሲዛወር ግን በአንድ ጊዜ ይገባል።

አራተኛው የሚዋጠው መድኃኒት ነው። ግሊቤንክላሚድ በዋጋው ዝቅተኛነት በስፋት የሚታዘዝ ሲሆን፣ ስኳርን ለረጅም ሰዓት የማውረድ ጠባይ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ግሊክላዛይድን ያስገባ ሲሆን፣ ግሊቤንክላሚድ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይመች ገልጿል። ይህን መድኃኒት የወሰዱ አዛውንት ስኳር ቀምሰው ቢነቁም ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊወድቁ ስለሚችሉ በጤና ተቋም መቆየት ያስፈልጋቸዋል። ኩላሊት ሲደክምም ኢንሱሊኑም እንክብሉም በሰውነት ውስጥ ይዘገያሉ። ለዓመታት የታመመ ሰው “አሁን መድኃኒት እየቀነሰልኝ ነው፤ እየዳንኩ ነው” ሲል፣ ዜናው መልካም ከመባሉ በፊት ኩላሊቱ ሊመረመር ይገባል።

አምስተኛው መጠጥ ነው። ጉበት በተራብን ጊዜ ስኳር ሠርቶ ወደ ደም ይለቃል። አረቄም ሆነ ጠላ ይህን ሥራ ያስተጓጉላል። ባዶ ሆዱን የጠጣ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ይወርዳል፤ አፉ መጠጥ ስለሚሸት ደግሞ ሰው ሁሉ ሰክሯል ይላል። በወባማ አካባቢ ከባድ ወባ ራሱ የደም ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል፣ ትኩሳት ያለበት እና የሚቃዥ ሰው ሁሉ ስኳሩም መለካት አለበት።

ጾም፣ ጸበል እና መድኃኒት

ጾም ለብዙ ሺህ የገጠር ሕመምተኞች የእምነት እና የክብር ጉዳይ ነው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀናት አሉት፤ ረቡዕ እና ዓርብ በየሳምንቱ ይመጣሉ። በእስልምናም የረመዳን ወር አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 ሀገራት በሙስሊም የስኳር ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት፣ በረመዳን ወር ሆስፒታል የሚያስገባ ከባድ የስኳር መውረድ ከሌላው ጊዜ ጋር ሲነጻጸር በዓይነት 1 ከ4 እጥፍ በላይ፣ በዓይነት 2 ደግሞ ከ7 እጥፍ በላይ መጨመሩን አሳይቷል። ጸበል የሚጠመቁ ሕመምተኞችም ሳይበሉ ይቆያሉ፤ አንዳንዱ መድኃኒቱን ያቋርጣል፣ አንዳንዱ ሳይበላ ይወጋል። ሁለቱም መንገድ ለሕይወት ያሰጋል። በተለይ ዓይነት 1 ያለበት ሰው ኢንሱሊንን ፈጽሞ ማቋረጥ የለበትም፤ መጠኑንና ሰዓቱን ማስተካከል የባለሙያ ሥራ ነው።

ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ቦታ አላቸው። ሕመምተኛው ግን ፈቃዱን የሚፈልገው ከነርሱ ሳይሆን ከንስሐ አባቱ ወይም ከኢማሙ ነው። ስለዚህ ጾም ከመግባቱ በፊት የጤና ጣቢያው ባለሙያ እና የሃይማኖት አባቱ ቢነጋገሩ፣ አንድ ንግግር ብዙ የምክር ወረቀት የማይሠራውን ሊሠራ ይችላል።

በዚያች ሰዓት ምን ይደረግ?

ሕመምተኛው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ከ15 እስከ 20 ግራም ፈጣን ስኳር ይሰጠዋል። ይህም በውኃ የተበጠበጠ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ነው። ዳቦ፣ እንጀራ እና ወተት ቀስ ብለው ስለሚሠሩ ለመጀመሪያው እርዳታ አይመረጡም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለውጥ ከሌለ ይደገማል። ሲሻለው ምግብ ይበላል፤ የዚያን ቀን ከባድ ሥራ ይቀርበታል።

ራሱን የሳተ ወይም የሚንፈራገጥ ሰው አፍ ውስጥ ማርም ውኃም አይጨመርም፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። በጎኑ አስተኝቶ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። በዚያ ግሉኮስ በደም ሥሩ ይሰጠዋል። ስኳሩ በዝቶ ይሁን ወርዶ ያልታወቀ፣ ነገር ግን መዋጥ የሚችል ሕመምተኛ ሲያጋጥም ስኳር መስጠቱ ይመረጣል። በዝቶ ከነበረ ጥቂት ማንኪያ የሚጨምረው ጉዳት አነስተኛ ነው፤ ወርዶ ከነበረ ግን መከልከሉ ሊገድል ይችላል።

ይህን መናገር ቀላል፣ መፈጸሙ ግን ከባድ የሚሆንበት ምክንያት አለ። የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት የተማረው ትምህርት “ስኳር እንዳትሰጡት” የሚል ነው። ሚስት ዕቃውን ትደብቃለች፤ ልጅ ሻዩን ያለ ስኳር ያቀርባል። ያ ሰው ፊታቸው ሲወላገድ ስኳር ለመስጠት እጃቸው ይፈራል። ግማሹ ብቻ የተነገረ የጤና ምክር እንዲህ ሊጎዳ ይችላል።

ከማሳ እስከ ጤና ጣቢያ

ለውጡ የሚጀምረው ትምህርቱን ከሕመምተኛው አልፎ ለቤተሰቡ በማድረስ ነው። ስኳሩ የወረደበት ሰው በዚያች ሰዓት የተማረውን ማስታወስ አይችልም፤ ማስታወስ ያለባቸው አብረውት ያሉት ናቸው። ኢንሱሊን የሚታዘዝለት ሁሉ ቢያንስ አንድ የቤተሰቡን አባል ይዞ እንዲመጣ ማድረግ አዲስ በጀት አይጠይቅም።

ሁለተኛው መለኪያው ነው። የስኳር መለኪያ መሣሪያ ቢገኝም የሚጣለው መመርመሪያ ወረቀት በየጊዜው መገዛት አለበት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። መድኑ ኢንሱሊኑን ሸፍኖ መለኪያውን ከተወ፣ ገበሬው ፍሬን በሌለው ጋሪ ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ይሆናል። መመርመሪያ ወረቀቱ ቢያንስ በየጤና ኬላው መኖሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም መለካቱን እና የመጀመሪያ እርዳታውን መሠልጠናቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በጎንደር ዙሪያ የተሞከረው፣ ሥር የሰደዱ ሕመሞችን ክትትል ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ አውርዶ በሠለጠኑ ነርሶች የመስጠት አሠራር፣ ይህ በገጠር ሊቻል እንደሚችል አመላክቷል።

ሦስተኛው በግብርናው መዋቅር የሚሠራ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በአጨዳ ወቅት ከማንም በላይ ከገበሬው ጋር ይውላሉ። ስለ ድኅረ ምርት ብክነት ሲያስተምሩ፣ በቡድኑ ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ ካለ ምሳው እንዳይዘገይ እና በኪሱ ስኳር እንዲይዝ ማሳሰብ ከሥራቸው የራቀ አይደለም። አንድ ጤነኛ አጫጅ በወቅቱ ካልተገኘ ሰብሉ በማሳ ላይ ይረግፋል፤ ቤተሰቡም የዓመቱን ቀለብ ያጣል።

ደቦው በሚቀጥሉት ሳምንታት ከማሳ ወደ ማሳ ይዘልቃል፤ ጾሙም ይገባል። ከአጫጆቹ መካከል ሕመሙን ደብቆ የሚሠራ አይጠፋም፤ መታመም ድካም መስሎ ይታየዋልና። ከጎኑ የሚያጭደው ሰው ሕመሙን ቢያውቅለት እና በሸማው ጫፍ የተቋጠረች አንዲት ጭብጥ ስኳር ብትኖረው፣ ያ ሰው አመሻሹ ላይ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል።